ቀጭን መስመር፣ ቀጥታ ሥርጭት፦ ጌምን ከቤት ስትሪም የማድረግ ጉዳይ

መግቢያ

ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከሚጫወቱት ሁለት ልጆች ይልቅ ቆመው የሚያዩት ይበዛሉ። ተራ የሚጠብቅ አለ፤ ሳንቲም የጨረሰ አለ፤ ዝም ብሎ ማየት ደስ የሚለውም አለ። ሁሉም ያወራል፣ ይፈርዳል፣ ያሾፋል። በተለምዶ ስትሪም ማድረግ የምንለው፣ ማለትም ጌምን በኢንተርኔት በቀጥታ ማሰራጨት፣ ይህንኑ ቤት ማስፋት ማለት ነው። ተጫዋቹ ጎንደር ቢሆን ተመልካቹ ሐዋሳ፣ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ብዙ ወጣቶች ይጀምሩትና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይተዉታል። ምክንያታቸው ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኔትወርኩ አይችልም»። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ አይችልም። ነገር ግን «አይችልም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስረዳም። ምን ያህሉን ነው የማይችለው? በየትኛው አቅጣጫ? ከምንልከው ነገር ውስጥስ የትኛው ቢቀር ተመልካቹ አይጎዳም?

በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለማየት እንሞክራለን። ጌም የማይጫወት አንባቢም ቢሆን እንዳይሰለች አደራ እላለሁ፤ ነገሩ ወደ መጨረሻው ላይ የእኛኑ ሙያ ይነካልና።

ከየት ተነሳ?

የጌም ሥርጭት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሰው ትዊች ነው። የትዊች አባት ግን ጀስቲን ዶት ቲቪ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ጀስቲን ካን የተባለ ወጣት በአሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ ከተማ ኮፍያው ላይ ካሜራ አስሮ የራሱን ውሎ በቀጥታ ማሰራጨት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የነበረው የሞባይል ኔትወርክ ቪዲዮ ለመላክ በጣም ቀጭን ነበር። ባልደረባው ካይል ቮግት ምን አደረገ መሰላችሁ? በጀርባ የሚያዝ ቦርሳ ውስጥ ኮምፒውተርና ከአንድ በላይ የሞባይል ዳታ ሞደም ከትቶ መስመሮቹን በአንድነት አሠራቸው። ስለዚህ ይህ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከቀጭን መስመር ጋር ሲታገል የኖረ ነው።

በዚሁ ድርጅት ውስጥ ጌም የሚያሰራጩት ሰዎች እየበዙ ሲመጡ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ትዊች ለብቻው ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አማዞን በ970 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ኦቢኤስ የተባለውና ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የማሰራጫ ሶፍትዌር የመጀመሪያ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን እስከ ዛሬ በነፃ ይገኛል። ዩቲዩብም ሆነ ትዊች ሥርጭቱን ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቁም። እንግዲህ የቀረው ወጪ ኮምፒውተሩና መስመሩ ነው ማለት ነው።

ወደ ቤት የሚገባውና ከቤት የሚወጣው

መስመር ሁለት አቅጣጫ አለው። ዳውንሎድ ወደ እኛ የሚመጣው ነው፤ አፕሎድ ደግሞ ከእኛ የሚወጣው። ፊልም ስናይ የምንጠቀመው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ሲሆን ስናሰራጭ የምንጠቀመው ሁለተኛውን ነው። በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የዳውንሎዱ ነው። ስለዚህ «10 ሜጋ ኢንተርኔት አለኝ» የሚል ሰው ለስትሪም ስንት እንዳለው ገና አልነገረንም።

ሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል ያልሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። በስልክ ሽቦ የሚመጣውን ኤዲኤስኤል የተባለ መስመር እንውሰድ። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ራሱ «እኩል ያልሆነ» የሚለውን ቃል ይወክላል። ቴክኖሎጂው ሲታሰብ አንዱ ዓላማ ሰዎች በስልክ መስመር ፊልም መርጠው ቤታቸው እንዲያዩ ማድረግ ነበር። ጆሴፍ ሌክላይደር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ደግሞ ወደ ቤት የሚገባውን አስፍቶ ከቤት የሚወጣውን ማጥበብ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሽቦዎች አንዱ ሌላውን እንዳይረብሽ እንደሚረዳ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በጸደቀው የኤዲኤስኤል ደረጃ መሠረት ከ138 ኪሎኸርዝ በታች ያለው ጠባብ የሞገድ ክፍል ለአፕሎድ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,104 ኪሎኸርዝ ያለው ሰፊው ክፍል ለዳውንሎድ ተመደበ። ከዚያ በኋላ የመጣው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስም ቢሆን ወደ ቤት እስከ 24 ሜጋቢት በሰከንድ ሲያስገባ የሚያስወጣው ከ1 ሜጋቢት ብዙም አይርቅም።

ፋይበር በጣም የተሻለ ነው። ሆኖም በብዙ አገር የተዘረጋው ጂፖን የተባለው የፋይበር ዓይነትም ወደ ቤቶች 2.5 ጊጋቢት ገደማ፣ ከቤቶች ደግሞ 1.25 ጊጋቢት ገደማ ነው የሚያስተላልፈው፤ እሱንም ብዙ ደንበኞች ይካፈሉታል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰውም ያው ነው። ማማው ላይ ያለው መሣሪያ ኃይለኛ ሲሆን የእኛ ስልክ ግን በትንሽ ባትሪ ነው ወደ ማማው የሚጮኸው።

በአጭሩ ቤታችን የሚገባው መስመር ገና ሲነደፍ ጀምሮ የቆጠረን እንደ ተመልካች ነው። ማሰራጨት ስንጀምር የምንጋፋው ከዚህ አሠራር ጋር ነው።

ሮቶ የማይሠራበት ቦታ

«እሺ፣ ግን በዚሁ መስመር ዩቲዩብ ሳይቆራረጥ አያለሁ እኮ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የተቀዳ ቪዲዮ ስናይ ኮምፒውተራችን ገና ያላየነውን ክፍል ቀድሞ እያወረደ ያስቀምጣል። ይህ ውኃ ሲመጣ ሮቶ እንደመሙላት ነው። ውኃው ለጊዜው ቢጠፋም ቧንቧው ይፈሳል፣ የቤቱ ሰውም መጥፋቱን አያውቅም።

ቀጥታ ሥርጭት ግን ቀድሞ የሚሞላ ነገር የለውም። ከአሁን በኋላ የሚሆነው ነገር ገና አልሆነማ! እያንዳንዱ ሰከንድ በተፈጠረበት ቅጽበት መውጣት አለበት። መስመሩ ለ5 ሰከንድ ከተንቀራፈፈ የ5 ሰከንድ ምስል በር ላይ ይከማቻል።

ክምችቱ ምን ይሆናል? በአብዛኛው ስትሪም የሚላከው አርቲኤምፒ በተባለ ደንብ ነው። ይህ ደንብ በሚሄድበት መንገድ ላይ የጠፋ ጥቅል ካለ እንደገና ይላካል፤ ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት። ስለዚህ አንዱ ሲዘገይ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ክምችቱ ከመጠን ሲያልፍ ኦቢኤስ የተወሰኑ ፍሬሞችን ይጥልና ወደ አሁኑ ሰዓት ይዘላል። ተመልካቹ ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ አይቷት ድንገት መረብ ውስጥ ያገኛታል። የኦቢኤስ መስኮት ከግርጌው በመስመር ምክንያት የተጣሉትን ፍሬሞች ብዛት በመቶኛ ያሳያል። ያ ቁጥር ዜሮ ላይ ወይም ዜሮ አጠገብ ካልቆመ የምንልከው ከመስመራችን በላይ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ሲደክምም ፍሬም ይጎድላል፤ ሶፍትዌሩ ግን ያንን ለብቻው ስለሚቆጥረው ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አለዚያ የኮምፒውተሩን ጥፋት ለኔትወርኩ እንሰጣለን።

ምስሉ እንዴት ይጨመቃል?

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 720ፒ የሚባለው ምስል 1,280 በ720፣ ማለትም 921,600 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። እያንዳንዱ ፒክስል በ24 ቢት ቢገለጽ አንድ ፍሬም 22 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 30 ፍሬም ስንልክ 663 ሜጋቢት በሰከንድ እንደርሳለን። ይህንን በ1.5 ሜጋቢት መስመር ለማሳለፍ ከ440 ጊዜ በላይ ማሳነስ ያስፈልጋል።

ይህንን የሚሠራው ኤንኮደር የተባለው ክፍል ነው። ዋናው ዘዴው ቀላል ነው። በየተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየ2 ሰከንዱ፣ አንድ ሙሉ ምስል ይልካል፤ በመካከል ግን የተለወጠውን ብቻ ነው የሚናገረው። «ግራ በኩል ያለው ሰው ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ሌላው እንዳለ ነው» እንደማለት።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንረዳለን። የምንመርጠው ጌም ራሱ የመስመሩን ሸክም ይወስናል። ቼዝ ስናሰራጭ ሰሌዳው ባለበት ይቆማል፣ የምትንቀሳቀሰው አንዲት ጠጠር ናት። ስለዚህ በጣም ቀጭን በሆነ መስመር እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል። የካርታና የስትራቴጂ ጌሞችም እንዲሁ ናቸው። የመኪና እሽቅድምድም፣ የተኩስ ጌም፣ ሣር የሞላበት የእግር ኳስ ሜዳ፣ ዝናብና ጭስ ግን በየፍሬሙ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ኤንኮደሩ የሚናገረው ይበዛበትና ምስሉን ወደ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች ይሰባብረዋል።

ሌላው፣ ኮምፒውተሩ አቅም ካለው መጭመቂያውን ቀስ ብሎ በደንብ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። ያን ጊዜ በዚያው ቢትሬት የተሻለ ምስል ይወጣል። በሌላ አነጋገር በመስመር ያጣነውን በከፊል በኮምፒውተር ጉልበት እንከፍላለን።

እንደ ቤትህ ኑር

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው አባባል ለቢትሬት የተነገረ ይመስላል። ትዊች ለ720ፒ በ30 ፍሬም 3,000 ኪሎቢት በሰከንድ፣ ለ1080ፒ በ60 ፍሬም ደግሞ 6,000 ሲመክር ቆይቷል። ያንን ምክር አይቶ 2 ሜጋቢት በማይሞላ አፕሎድ ላይ 3,000 የሚጽፍ ሰው ገና ሲጀምር ተሸንፏል።

ትክክለኛው አካሄድ ከራስ መለኪያ መነሳት ነው። አፕሎዱን ማሰራጨት በምናስበው ሰዓት፣ ለምሳሌ ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት በሚከፍትበት ጊዜ፣ ደጋግመን እንለካ። ሦስት ጊዜ ለክተን 2.4፣ 1.9 እና 2.1 ሜጋቢት አገኘን እንበል። መነሻችን አማካዩ ሳይሆን ዝቅተኛው፣ ማለትም 1.9 ይሁን። ከዚያ ላይ ሩቡን ለመጠባበቂያ እንተው። የቀረው 1,400 ኪሎቢት ገደማ ነው። ለድምፅ 96 ስንሰጥ ለምስል 1,300 ይቀራል። በዚህ ቢትሬት ቼዝ ወይም የካርታ ጌም በ720ፒ፣ በ30 ፍሬም በደንብ ይሄዳል። እግር ኳስ ከሆነ ግን ምስሉን ወደ 960 በ540 ማውረድ ይሻላል። ፒክስሎቹ ወደ 56 በመቶ ስለሚወርዱ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቢት ይጨምራል፣ ምስሉም አይሰባበርም። ትንሽና ጥርት ያለ ምስል ትልቅና ከተሰባበረ ምስል ይሻላል። ቢትሬቱም ከፍ ዝቅ የሚል ሳይሆን ቋሚ እንዲሆን ማዘዝ ነው፤ አለበለዚያ ጌሙ ሲጧጧፍ ድንገት ጨምሮ መስመሩን ያንቃል።

አፕሎዱ 700 ኪሎቢት ብቻ ከሆነስ? ሩቡን ስንተው 525 ይቀራል። በዚህ እንቅስቃሴው ቀስ ያለ ጌም በ360ፒ ማሰራጨት ይቻላል። የእሽቅድምድም ጌም ግን አይሞከር። ያኔ የሚሻለው በጥራት ቀድቶ ሌሊት ሲተኙ መጫን ነው። እሱ ቀጥታ አይሆንም፣ ጨዋታው ግን ይታያል።

ብርም ይቁጠር። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በ1,400 ኪሎቢት አንድ ሰዓት ማሰራጨት 630 ሜጋባይት ይበላል። ይህ ለአሰራጩ ብቻ እንዳይመስለን፤ ዋናውን ምስል እንዳለ የሚያይ ተመልካችም ከራሱ ፓኬጅ ያንኑ ያህል ያወጣል። በተለይ ትዊች ላይ ለጀማሪ አሰራጭ ሥርጭቱ በተለያየ ጥራት ተባዝቶ ላይቀርብለት ይችላል። አሰራጩ 6,000 ከላከ በሞባይል ዳታ የሚያየው ጓደኛው ወይ 6,000ውን ይችላል ወይ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ቢትሬት መቀነስ ለተመልካቹም ማሰብ ነው።

ቤት ውስጥ ያሉ ሌቦች

አንዳንዴ መስመሩ በቂ ሆኖ የሚያባክነው የቤቱ ሁኔታ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ዛሬ ያነሳነውን ፎቶ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሲጭን አፕሎዱን ይሻማል። ከሥርጭት በፊት የቤተሰቡን ስልኮች አውቶማቲክ ጭነት ለሁለት ሰዓት ማቆም ብዙ ያድናል። ዋይፋይ ግድግዳ ሲያቋርጥ ይዳከማል፤ ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ የሚዘረጋ ገመድ የተሻለ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ችግር የወረፋ መርዘም ነው። ጂም ጌቲስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በስፋት ያስረዳው ይህንን ነው። ራውተሮችና ሞደሞች ከመጠን በላይ ትልቅ መጠበቂያ ስላላቸው አፕሎዱ ሲሞላ ጥቅሎች እዚያው ተሰልፈው ይቆያሉ። ጌሙ የሚልካቸው ትንንሽ መልእክቶችም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ይገባሉ። ውጤቱ ምንድነው? ተጫዋቹ «ምታ» ብሎ ይጫናል፣ ኳሷ የምትመታው ዘግይታ ነው። አሰራጩ በራሱ ሥርጭት ተሸነፈ ማለት ነው። ሩብ ያህሉን ለመጠባበቂያ የምንተወው በዚህም ምክንያት ነው። ራውተሩ የወረፋ መቆጣጠሪያ ካለው ደግሞ እሱን ማብራት ነው።

መብራትም አይረሳ። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ራውተር ግን የለውም። መብራት ሲጠፋ ሥርጭቱ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በራውተሩ ምክንያት ስለሆነ ለእሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ማሰብ ወይም የስልክ ሆትስፖት አዘጋጅቶ መቀመጥ ይጠቅማል።

ድምፅ አይቀነስ

ከሁሉም በላይ መያዝ ያለበት ነጥብ ይሄ ነው። ከ1,400 ኪሎቢት ውስጥ ድምፅ የወሰደው 96 ብቻ ነው። ከመቶ 7 እንኳ አይሞላም። ለተመልካቹ የሚሰጠው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ምስል ለትንሽ ጊዜ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ንግግር መሀል ላይ ሲቆረጥ ግን ወዲያው ይወጣል።

እኛ አገር ይህንን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስንት ሰው ነው እግር ኳስን በሬዲዮ የተከታተለው? ምስል ጨርሶ ሳይኖር! ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ስታነሳ ያስተላለፈው ዘገባ ከጨዋታው እኩል ይወሳል። ጥሩ ዘጋቢ ኳሷ የት እንዳለች፣ ማን እንደያዛት፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ይናገራል። በቀጭን መስመር ጌም የሚያሰራጭ ልጅም ሥራው ያው ነው። ምስሉ 480ፒ ከሆነ በማዕዘን ላይ የተጻፈው ውጤት ላይነበብ ይችላል። ስለዚህ በአፉ ይናገር። ፍሬም ተጥሎ ምስሉ ከዘለለ «አሁን ከግራ በኩል አሻግሮ አገባ» ብሎ ክፍተቱን ይሙላ። ማይክሮፎኑ ለአፉ ይቅረብ፣ የጌሙ ሙዚቃ ዝቅ ይበል። እነዚህ ነገሮች አንድም ቢት አይጨምሩም።

ማጠቃለያ

መስመር ሲያንስ የመቀነሱ ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ የፊት ካሜራው ይቅር፤ ካሜራው የራሱን ቢትሬት ባይጨምርም ያለውን ከጌሙ ጋር ይሻማል። ቀጥሎ 60 ፍሬም ወደ 30 ይውረድ። ከዚያ የምስሉ መጠን ከ720 ወደ 540፣ ወደ 480 ይነስ። አሁንም ካልበቃ ጌሙ ይቀየር። ድምፁ እስከ መጨረሻው ይቆይ።

ምስል መቀነስ የድሃ ነገር የሚመስለው ካለ ደቡብ ኮሪያን ይመልከት። በኢንተርኔት ፍጥነት ስሟ በሚጠራ አገር ትዊች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የምስሉን ጥራት በ720ፒ ወሰነ። ምክንያቱ የኔትወርክ ክፍያ ውድነት ነበር። ይህም አልበቃ ብሎት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ከአገሪቱ ጨርሶ ወጣ። ቢት የትም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ልዩነቱ ማን ይከፍላል የሚለው ላይ ነው።

ለእኛ ለዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ ከጌም ያልፋል። ነገ ከወረዳ ከተማ በስልክ ቀጥታ ዘገባ የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ የሚጋፈጠው ይህንኑ አፕሎድ፣ ይህንኑ ወረፋ፣ ይህንኑ ስሌት ነው። የሰፈር ልጅ ፕሌይስቴሽን ይዞ ይህንን ዛሬ እየተማረው ከሆነ ከእሱ ብንማር ነውር የለውም። መስመሩ ለተመልካች ተብሎ ቢሠራም በእሱ መናገር ይቻላል፤ አስቀድሞ መለካትና ምን እንደሚቀነስ መወሰን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቸር እንሰንብት!